የኮምፒዩተር ዕቃ አመራረጣችን ይታሰብበት

ኮምፒዩተርን በገዛ እጅ ገጣጥሞ መሥራት በተማሪው ዘንድ እንደ ሞያ መታየት ከጀመረ ቆየት ብሏል። ክፍሎቹን አንድ በአንድ ለቅሞ ገዝቶ፣ በአንድ ካቻቢቴ አሰናድቶ ሥራ ማስጀመር ለእጅም ለአእምሮም ትምህርት ነውና ልማዱን እኛ አጥብቀን እንደግፈዋለን። የምንነቅፈው የዕቃውን አመራረጥ ነው። ገንዘቡ የሚገኘው በብዙ መከራ ሆኖ ሳለ፣ ምርጫው ብዙ ጊዜ የሚደረገው በስም ዝና፣ በቁጥር ትልቅነትና በመብራት ድምቀት ነው።

ነገሩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ የከበደ ሆኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ፕሮሰሰሩም፣ ራሙም፣ ዲስኩም በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ስለ ሆነ፣ ተማሪ በአንድ ዕቃ ላይ ያላግባብ የሚያወጣው ገንዘብ እንደ ዱሮው በወር ሁለት ወር የሚተካ አይደለም።

በጥቅሉ ከማውራት ግን በምሳሌ መነጋገር ይሻላል። አንድ የሲቪል ኢንጂነሪንግ ተማሪ የሆነ ጓደኛችን፣ ባለሱቅ አስልቶ የሰጠውን የዕቃ ዝርዝር ለአስተያየት አምጥቶልናል። ስሙን እንድንተወው፣ ዝርዝሩን ግን ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን እንድናወጣው ፈቅዷል። ገንዘቡን የላከችለት በዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ታላቅ እኅቱ ናት። የ2 ዓመት ቁጠባዋ ነው፤ ሁለተኛ የሚላክ የለም። ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ የምንሰጠው ፍርድ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም።

ዝርዝሩ እንዲህ ይላል። ፕሮሰሰር፦ ኢንቴል ኮር አይ7 13700ኬ። ማዘርቦርድ፦ ኤች610። ራም፦ ዲ.ዲ.አር.4፣ ባለ 8 ጊጋ ባይት አንድ ፍሬ። ዲስክ፦ 240 ጊጋ ባይት ኤስ.ኤስ.ዲ.። ግራፊክስ ካርድ፦ ጂ.ቲ.ኤክስ. 1650፣ ባለ 4 ጊጋ ባይት። ፓወር ሰፕላይ፦ 650 ዋት፣ የፋብሪካ ስም የሌለው። ኬዝ፦ ባለመስተዋት፣ 6 ባለመብራት ማራገቢያ ያለው። ዩ.ፒ.ኤስ. የለም፤ ስታብላይዘርም የለም።

ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው «ምን ሊሠራበት ነው?» የሚለው ነው። ጓደኛችን በአውቶካድ ይነድፋል፣ በኤታብስ የሕንፃ መዋቅር ያሰላል፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ይጽፋል። አልፎ አልፎም የኳስ ጨዋታ ይጫወታል፤ ይህንንም አንነቅፍበትም። ከአውቶካድ ሥራ አብዛኛው የሚከናወነው በአንድ የፕሮሰሰር ኮር ላይ ነው። ኤታብስም ትልቅ ሕንፃ ሲሰጡት በቂ ራምና ፈጣን ዲስክ ይፈልጋል። እንግዲህ ዝርዝሩ ሊመዘን የሚገባው በዚህ ሚዛን ነው።

13700ኬ እ.ኤ.አ. በ2022 በኦክቶበር ወር የወጣ፣ 16 ኮር ያለው ብርቱ ፕሮሰሰር ነው። መሠረታዊ ኀይሉ 125 ዋት ሲሆን፣ ሥራ ሲበዛበት እስከ 253 ዋት ይወስዳል። በስሙ መጨረሻ ላይ ያለው «ኬ» ባለቤቱ ከፋብሪካው ልክ በላይ ፍጥነቱን ሊያሳድገው እንደሚችል የሚያመለክት ነው፤ ለዚህም ተጨማሪ ዋጋ ይከፈልበታል። ኤች610 ማዘርቦርድ ግን ይህን ማሳደግ ጨርሶ አይፈቅድም። ከዚህም ሌላ፣ በርካሽ የሚሸጡት የኤች610 ቦርዶች ለፕሮሰሰሩ ኀይል የሚያቀርበው ክፍላቸው ደካማ በመሆኑ፣ ያን ያህል ዋት ለረጅም ጊዜ ሲጠየቁ ይግላሉ፤ ፕሮሰሰሩም ፍጥነቱን ለመቀነስ ይገደዳል። ይህ የእሽቅድምድም ፈረስ ገዝቶ እግሩን በገመድ እንደ ማሰር ያለ ነው። በዚህ ላይ ይህ ፕሮሰሰር ከፋብሪካ ሲወጣ ማቀዝቀዣ አብሮት አይመጣም፤ በዝርዝሩም ውስጥ ማቀዝቀዣ የሚባል አልተጻፈም። ጓደኛችን ዕቃውን ሁሉ ተሸክሞ ቤቱ ከገባ በኋላ ሌላ ገንዘብ ይፈለግበት ነበር ማለት ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2024 የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ እየደረሰባቸው ሥራ ላይ እንደሚናወጡ አምኖ፣ በኦገስት ወር ማረሚያ አወጣ፤ ዋስትናቸውንም በ2 ዓመት አራዘመ። ማረሚያው ግን ቀድሞ የተጎዳውን አያድንም። ያገለገለ 13700ኬ በርካሽ ሲቀርብለት የሚጓጓ ተማሪ ይህን ማወቅ ይገባዋል።

በእኛ አስተያየት ለዚህ ሥራ ኮር አይ5 12400 ይበቃል። 6 ኮር አለው፤ መሠረታዊ ኀይሉ 65 ዋት፣ ከፍተኛው 117 ዋት ነው፤ በሣጥኑ ማቀዝቀዣ ይመጣለታል፤ ከኤች610 ቦርድም ጋር ይስማማል። ሁለቱ ሲወጡ ፋብሪካው ያወጣላቸው ዋጋ ለአንዱ 409፣ ለሌላው 192 ዶላር ነበር። ልዩነቱ ሌሎቹን የጎደሉ ዕቃዎች ለማሟላት የሚያስችል ነው። ሲገዛ ግን ስሙ በ«ኤፍ» እንዳያልቅ ይጠንቀቅ፤ «ኤፍ» ያለበት የራሱ ግራፊክስ የለውም፤ ካርድ ካልተጨመረለት ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

ስለ ራም ያለን አስተያየት አጭር ነው። 16 ኮር ላለው ፕሮሰሰር 8 ጊጋ ባይት ራም ማቅረብ፣ ለሠርግ ድንኳን ጥሎ በአንድ ድስት ወጥ እንግዳ እንደ መጥራት ይቆጠራል። ራም ሲያልቅ ማሽኑ ዲስኩን እንደ ራም ሊጠቀምበት ይሞክራል፤ ያን ጊዜ የፕሮሰሰሩ ብርታት ዋጋ የለውም። እኛ የምንመክረው ባለ 8 ጊጋ ባይት ሁለት ፍሬ ነው። አንድ ባለ 16 ከመግዛት ሁለት ባለ 8 የሚመረጥበትም ምክንያት አለው። 3200 የሚባለው ዲ.ዲ.አር.4 ራም በአንድ መስመር በሰከንድ 25.6 ጊጋ ባይት ያስተላልፋል፤ ሁለት ሆኖ በሁለት መስመር ሲተከል 51.2 ይደርሳል። የራሱ ካርድ በሌለው ማሽን ላይ ግራፊክሱ የሚሠራው ከዚሁ ራም እየተበደረ ነውና ልዩነቱ በዐይን ይታያል። እርግጥ ነው፣ ኤች610 ሁለት የራም ቦታ ብቻ ስላለው ወደ ፊት 32 የሚያስፈልገው ሰው ሁለቱንም መለወጥ ይኖርበታል፤ ያን የሚያስብ ባለ 4 ቦታ ቦርድ ይግዛ።

የራም ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ወራት በዓለም ገበያ በብርቱ ናረ፤ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚቋቋሙት ታላላቅ የመረጃ ማዕከሎች የፋብሪካዎቹን ምርት ስለ ተሻሙበት ነው። ባለሱቁ ራሙን ቀንሶ ፕሮሰሰሩን ያገዘፈው ምናልባት በዚሁ ምክንያት ይሆናል። ለገዢው ግን ነገሩ በተቃራኒው ሊሆን ይገባል፤ ውድ የሆነውና የማይቀረው ዕቃ አስቀድሞ ይገዛል፤ የቅንጦቱ ይቆያል።

ኤስ.ኤስ.ዲ. መመረጡ መልካም ነው። በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ አንድን ፋይል ፈልጎ ለማግኘት 10 ሚሊ ሰከንድ ያህል ሲፈጅ፣ በኤስ.ኤስ.ዲ. ከዚያ መቶኛው እንኳ አይሞላም። ነገር ግን 240 ጊጋ ባይት ዊንዶውስ፣ አውቶካድና ኤታብስ ከገቡበት በኋላ ለሥራ ፋይል የሚተርፈው ጥቂት ነው። ቢቻል 1 ቴራ፣ ካልተቻለ 500 ጊጋ ባይት ይሁን። ሳታ የሚባለው ዓይነት በሰከንድ 550 ሜጋ ባይት ገደማ ሲያነብ፣ ኤን.ቪ.ኤም.ኢ. የሚባለው እስከ 3,500ና ከዚያም በላይ ሊያነብ ይችላል፤ ሆኖም በዕለት ሥራ ላይ ሰው የሚሰማው ልዩነት ቁጥሩ እንደሚያሳየው አይደለም። ስለዚህ ፍጥነቱ ቢያንስ ቦታው ይስፋ እንላለን። ከዚህ ሁሉ በላይ የመመረቂያ ጽሑፍ በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ አይቀመጥም። በርካሽ የተገዛ ሁለተኛ ዲስክ ላይ ግልባጭ ማኖር ከማንኛውም ፈጣን ዕቃ ይበልጣል።

ጂ.ቲ.ኤክስ. 1650 እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ፣ 75 ዋት ብቻ የሚፈልግ ትሑት ካርድ ነው፤ በራሱ ክፉ አይደለም። ለዚህ ጓደኛችን ሥራ ግን አያስፈልግም፤ የ12400 የራሱ ግራፊክስ ለአውቶካድ ንድፍና ለኤታብስ ይበቃዋል። የሥነ ሕንፃ ተማሪ ቢሆን ኖሮ ፍርዳችን ሌላ በሆነ ነበር። በሉሚዮን የሕንፃ ምስል የሚያወጣ ሰው ሥራው ሁሉ በካርዱ ላይ ነውና፣ እርሱ ከሌላው ቀንሶ ለካርዱ ቢያወጣ ልክ ነው። ስለዚህ «የእገሌን ዝርዝር ገልብጬ ልግዛ» ማለት አይሠራም።

ካርድ የሚገዛ ሰው ደግሞ ሁለት ነገር ይወቅ። አንደኛ፣ የቆዩ ካርዶችን ስም በሶፍትዌር ለውጠው በአዲስ ስም የሚሸጡ አሉ። ጂ.ፒ.ዩ.-ዜድ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ከነዚህ አስመሳዮች ብዙዎቹን ይለያል፤ በፍላሽ ይዞ ሄዶ ገንዘብ ከመክፈል በፊት መሞከር ነው። ሁለተኛ፣ ኢቴሪየም የሚባለው የዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 በግራፊክስ ካርድ መመረቱን ሲያቆም፣ ሌት ተቀን ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች ወደ ገበያ ጎርፈዋል። ሁሉም የተበላሹ አይደሉም፤ ግን ማራገቢያቸውን አዙሮ ሳይሰሙ መግዛት አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን ደርሰናል። በዝርዝሩ ውስጥ እጅግ የሚያስፈራው ዕቃ ማንም የማያየው ፓወር ሰፕላይ ነው። ሌላው ዕቃ ቢያንስ ሥራው ይዘገያል፤ ፓወር ሰፕላይ ሲከፋ ግን ሌላውን ይዞ ይሞታል። መከላከያ የሌለው ፓወር ሰፕላይ ሲበላሽ ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ ወደ ቦርዱ ሊለቅና የእኅትን የ2 ዓመት ድካም በአንድ ሰከንድ ሊያቃጥል ይችላል።

በሣጥኑ ላይ «650 ዋት» ተብሎ መጻፉ ምስክር አይሆንም። በጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ አንብቡ። ፕሮሰሰሩና ካርዱ የሚመገቡት ከ12 ቮልት መስመር ነው። በዚያ መስመር ሥር 25 አምፒር የሚል ከተጻፈ፣ 12 በ25 ሲባዛ 300 ዋት ነው፤ የቀረው 350 ዋት ለወረቀቱ ጌጥ ነው ማለት ይቻላል። እንዲህ ባለው ላይ 253 ዋት የሚጠጣ ፕሮሰሰርና 75 ዋት የሚጠጣ ካርድ ቢጫኑበት ድምሩ 328 ይሆናል። በ12400 ብቻ ለሚሠራ ማሽን ግን የታወቀ ፋብሪካ ያወጣው እውነተኛ 450 ዋት ተርፎ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው «80 ፕላስ» የሚባለው ምልክት ዕቃው ከሚወስደው ኀይል ቢያንስ ከመቶ 80 እጁን ሥራ ላይ እንደሚያውል የሚመሰክር ነው፤ ምልክቱም ተመስሎ ሊታተም ስለሚችል ከፋብሪካው ስም ጋር አብሮ ይታይ። በጀርባው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማዞሪያ ያለውን ዓይነት ባትገዙት ይመረጣል፤ ከገዛችሁትም 230 ላይ መሆኑን ሳታዩ አትሰኩ፤ በ115 ሆኖ በእኛ አገር መብራት ላይ ቢሰካ ይፈነዳል።

የእኛ አገር መብራት ዝርዝሩን ባዘጋጀው ሰው ከቶ አልታሰበም። መብራታችን በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ የሚሄድ ነው ይባላል፤ መውረዱንና መውጣቱን፣ ሄዶ መምጣቱን ግን ሁላችንም የምናውቀው ነው። ደኅና ፓወር ሰፕላይ መብራት ሲቋረጥ ማሽኑን አቁሞ የሚያቆየው ለ16 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው፤ ይህም በ50 ኸርዝ የአንዱን ዙር፣ ማለት የ20 ሚሊ ሰከንዱን፣ ጊዜ እንኳ አይሞላም። አምፑል ብልጭ ብሎ በተመለሰ ቁጥር ማሽኑ ጠፍቶ የሚነሣው ለዚህ ነው። በዚያች ቅጽበት በመጻፍ ላይ የነበረ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ቮልቴጅ የሚያስተካክል ዩ.ፒ.ኤስ. በእኛ ዘንድ የማሽኑ አንድ ክፍል ተደርጎ ሊቆጠር ይገባል። ዩ.ፒ.ኤስ. ሌሊቱን ሙሉ እንዲያሠራ አይጠበቅበትም፤ ሥራን አስቀምጦ በሰላም ለማጥፋት 5 ደቂቃ ከሰጠ ዋጋውን መልሷል። ባትሪው ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደሚደክምና እንደሚለወጥም አስቀድሞ ይታሰብ።

የመሬት ሽቦም ነገር አለ። በብዙ የኪራይ ቤቶች ሶኬቱ ባለሦስት ቀዳዳ ይምሰል እንጂ ሦስተኛው ሽቦ የትም አልታሰረም። የኬዙን ብረት ሲነኩ እጅን ነዘር የሚያደርገው ይኸው ነው። «ለምዶብኛል» ብሎ ማለፍ አይገባም፤ መብራት ሠራተኛ አስጠርቶ ማሳሰር ከባለመብራቱ ማራገቢያ የሚያንስ ወጪ ሊሆን ይችላልና።

ስለ ኬዙ ስንናገር ብዙ ወዳጆች እንዳይቀየሙን እንሰጋለን። መስተዋቱም ቀለማት የሚለዋውጡት 6 ማራገቢያዎችም ያምራሉ። የኬዝ ሥራ ግን አየር ማስገባትና ማስወጣት ነው። የፊቱ ገጽ በመስተዋት የተደፈነ ኬዝ ማራገቢያው 6 ቢሆን አየር ከየት ያመጣል? አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አንድ ማራገቢያ እዚህም እዚያም እኩል ቢሽከረከር፣ እዚህ የሚገፋው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለ ሆነ የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። የከተማዋ ብርድ ይህን በከፊል ይክሰዋል፤ ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ለሚማር ወንድማችን ግን ሙቀቱ ራሱ ጠላቱ ነው። ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ አቧራ መከላከያው ወጥቶ የሚታጠብ፣ 2 ማራገቢያ ብቻ ያለው ተራ ኬዝ ይበልጣል።

እንግዲህ በእኛ ፍርድ ዝርዝሩ እንዲህ ይለወጥ። 12400 ከነማቀዝቀዣው፤ ኤች610 ቦርድ ይቆይ፤ ባለ 8 ጊጋ ባይት ሁለት ራም፤ ከ500 ጊጋ ባይት ያላነሰ ኤስ.ኤስ.ዲ.፤ ከታወቀ ፋብሪካ የወጣ 450 ወይም 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ፤ ባለወንፊት ኬዝ፤ አንድ ዩ.ፒ.ኤስ.፤ ለግልባጭ የሚሆን ሁለተኛ ዲስክ። ካርዱ ይቅር፤ ሥራ ይዞ በደመወዙ ይግዛው።

ጓደኛችን ይህን ሲሰማ ዝም አላለም። «ትልቁን ፕሮሰሰር አንዴ ከገዛሁት 10 ዓመት ያገለግለኛል፤ ራሙንና ሌላውን ቀስ በቀስ እጨምራለሁ» ሲል ተከራከረ። ክርክሩ ጭብጥ የለውም አንልም። ነገር ግን የመመረቂያ ሥራው የሚደርሰው በዚህ ዓመት ነው እንጂ ከ10 ዓመት በኋላ አይደለም። እስከዚያ በ8 ጊጋ ባይት ሲያቃስት የሚከርም ማሽን ለነገ ተብሎ ዛሬን የሚበላ ነው።

ሌሎች ደግሞ «ስለ ምን ላፕቶፕ አይገዛም?» ይላሉ። በዶርም ለሚኖር፣ ቤተ መጻሕፍት ይዞ ለሚሄድ፣ ጽሑፍ ብቻ ለሚጽፍ ተማሪ እኛም ላፕቶፕ ይሻላል እንላለን፤ ባትሪው ራሱ ዩ.ፒ.ኤስ. ነው። በአንድ ቤት ለ3 ተከራይተው የሚኖሩና በየተራ ከባድ ስሌት የሚሠሩ ግን በዴስክቶፕ ይጠቀማሉ፤ አንዱ ክፍል ቢበላሽ ያንኑ ብቻ ይለውጣሉና። ከውጭ አገር ቢሮዎች ወጥቶ የሚሸጥ ያገለገለ ማሽንም ለጽሑፍ ሥራ የሚናቅ አይደለም። ብቻ ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ፣ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች የሆነውን የሚገዛ ሰው ዊንዶውስ 11 በደንቡ እንደማይቀበለው ዐውቆ፣ ሊኑክስ ለመጠቀም ቈርጦ ይግዛ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ይህ ሁሉ ስሕተት በአንድ ጓደኛ ስንፍና የመጣ አይደለም፤ ተማሪው ብቻውን ሆኖ ከነጋዴ ፊት ስለሚቆም የሚመጣ ነው። ነጋዴው መጋዘኑ ውስጥ የቆየውን ዕቃ መሸጥ ይፈልጋል፤ ይህም ሥራው ነው። የእኛ ሥራ ደግሞ ተረዳድቶ መግዛት ነው። ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበር ምክር ቤት 3 ነገር እናሳስባለን።

1ኛ፣ በየቅዳሜው ለ2 ሰዓት የሚከፈት አንድ የመፈተሻ ጠረጴዛ ይቋቋም። የሚያስፈልገው አንድ መልቲሜትር፣ አንድ ዩ.ፒ.ኤስ.፣ እንዲሁም ሜምቴስት86ንና ጂ.ፒ.ዩ.-ዜድን የመሰሉ መፈተሻዎች የተጫኑበት ፍላሽ ነው። የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪዎች በየተራ ቢያገለግሉ ለነርሱም ልምምድ ነው።

2ኛ፣ ዕቃ የገዛ ተማሪ ሁሉ የከፈለውን ዋጋና የገዛበትን ቀን በአንድ መዝገብ ላይ ያስፍር፤ መዝገቡም በየወሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የሱቅን ስም ለማጥፋት ሳይሆን ዋጋን ለማወቅ ነው።

3ኛ፣ በአንድ ወር ውስጥ የሚገዙ ተማሪዎች ተሰባስበው በአንድነት ይግዙ። ለ10 ፓወር ሰፕላይ የመጣ ገዢ ለአንድ ከመጣው ይልቅ በጽሑፍ የሰፈረ ዋስትና ማግኘት ይቀለዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ጓደኛችን ገንዘቡን ገና አልከፈለም፤ ውሳኔው የርሱ ነው። አስተያየታችንን የሚቃወም፣ በተለይም ከእኛ የተሻለ ዝርዝር አለኝ የሚል አንባቢ ካለ፣ ከነምክንያቱ ጽፎ ያምጣልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት የሚመጣ ነቀፋ ከተከፈለ በኋላ ከሚመጣ ምስጋና ይልቅ ይጠቅማልና፣ የሚጽፍልን ሰው ባይዘገይ ደስ ይለናል።